ከሠርጌ በፊት አፍንጫዬን ላሠራ?

ሰላም እትዬ። ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

27 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የኮስሞቲክስ ሱቅ አለችኝ። ሱቋ ዙሪያዋን መስታወት ናት። ጠዋት ከፍቼ ማታ እስክዘጋ፣ በዞርኩበት ሁሉ የሚያፈጥብኝ አፍንጫዬ ነው። ከላይ ደህና ነው። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ይሰፋል፣ ይድቦለቦላል። ልጅ እያለሁ ወንድሞቼ “ድንች” ይሉኝ ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ ሕፃን ሆኜ በየቀኑ ቅቤ እየቀባች ስታሸው ከርማለች። አልሰማት አለ። አሁን በሜካፕ ጥላ እየሰጠሁ አቀጥነዋለሁ፤ ለደንበኞቼም እንዴት እንደሚሠራ አሳያለሁ። ማታ ስታጠብ ግን ያው ነው።

ጥር ላይ ሠርጌ ነው። እጮኛዬ ጥሩ ልጅ ነው። በቀደም እነሱ ቤት ቡና ስንጠጣ እህቱ “ልጅ ስትወልዱ አፍንጫውን እንኳ ከሱ ይውሰድ” አለች። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ።

ቲክቶክ ላይ ከራስ ካርቲሌጅ ተወስዶ የአፍንጫ ጫፍ ሲስተካከል አየሁ። ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ደላላ ኢስታንቡል ላለ ክሊኒክ ፎቶዬን ላከልኝ። በማግስቱ ፎቶዬን አፍንጫዬ ሰልካካ ሆኖ መለሱልኝ። አይቼው አለቀስኩ። አዲስ አበባም የሚሠሩ ሐኪሞች እንዳሉ ሰምቻለሁ። የጥቅምቱ እቁብ የኔ ነው። ለሱቁ ዕቃ ላስገባበት ነበር ሐሳቤ። አሁን ግን ኅዳር ላይ ተሠርቼ ለጥር ልድረስ እያልኩ ነው።

ለእጮኛዬ አልነገርኩትም። እናቴ ግን ሰምታ “የፈጣሪን ሥራ ልታርሚ ነው?” ብላ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ “ምን አስጨነቀሽ፣ ፊለር ተወጊና ገላገል በይ” ትለኛለች።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ባይጠቅምም። አሥር ዓመቴ ላይ ከደረጃ ወድቄ አፍንጫዬ ብዙ ደምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀኙ በኩል ብዙም አልተነፍስም። ማታ አፌን ከፍቼ ነው የምተኛው።

ምን ይሉኛል እትዬ?

የሐረጎ ሥር ልጅ፣ ከኮምቦልቻ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። “አፍንጫሽ ቆንጆ ነው፣ ተይው” አልልሽም። አላየሁትማ። ደግሞ እንዲህ የሚሉሽ ሰዎች ጠፍተው አይመስለኝም፤ ግን ያ ሁሉ ምስጋና መስታወቱ ፊት ስትቆሚ የት እንደሚገባ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሳልዞር ልንገርሽ። ለጥር አይደርስም። ማሠራት አለማሠራትሽን እየወሰንኩልሽ አይደለም፤ እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው። በኅዳር ተሠርቶ በጥር ሙሽራ መሆን ግን አይሆንም። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ነገር የማውቀው አንብቤ፣ ሐኪም ጠይቄ፣ እንዲሁም አንዲት ጓደኛዬ አፍንጫዋን ስታሠራ አጠገቧ ስለነበርኩ ነው።

እስቲ የአፍንጫሽን ጫፍ በሁለት ጣት ያዢው። ውስጡ አጥንት የለም። ያለው ካርቲሌጅ ነው፤ ፍርምባ ስትበዪ ጥርስ ሥር ቀጭ የሚለው ነጭ ነገር። ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት አሉ፣ እንደ ቀስት የታጠፉ። ቀስቶቹ ሰፍተው ከታጠፉ ወይም እርስ በርሳቸው ከተራራቁ ጫፉ ይሰፋል። ላያቸው ላይ ያለው ቆዳ ወፍራምና ቅባታም ከሆነ ደግሞ ይብሱን ይድቦለቦላል። እንዲህ ያለ ቆዳ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም፤ ለደንበኞችሽ የምትሸጪው የወዝ መቆጣጠሪያ ክሬም ምስክር ነው።

ዳስ ሲጣል አይተሻል። ሸራው ከባድ ሆኖ ምሰሶውን ብታሳጥሪው ዳሱ አያምርም፣ ሸራው ይረግባል። መሀል ላይ ጠንካራ ምሰሶ ስትተክዪ ነው ተወጥሮ ቅርጽ የሚይዘው። አፍንጫም እንደዚሁ ነው። ድሮ ሰፊ ጫፍ ሲመጣ ካርቲሌጁን ቆርጦ መቀነስ ይበዛ ነበር። ሲበዛ ደግሞ ጫፉ ከዓመታት በኋላ ተቆንጥጦ ይሰምጣል፣ መተንፈሻውም ይጠባል። አሁን ብዙዎቹ ሐኪሞች ቅነሳውን በልክ አድርገው ቀስቶቹን በክር ያቀራርቧቸዋል፤ ከዚያ መሀላቸው ላይ ከራስሽ የወሰዱትን ካርቲሌጅ እንደ ምሰሶ ይተክላሉ። አንዳንዴም ጫፉ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይደርባሉ፣ ቅርጹ በወፍራሙ ቆዳ ሥር እንዲወጣ። ግራፍት የሚሉት ይህን ነው። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ ያየሽው ውሸት አይደለም። ያላሳዩሽ ጊዜውን ነው።

ወደ ጊዜው ከመሄዴ በፊት ስለ ካርቲሌጁ ትንሽ ልበል። ከሦስት ቦታ ይወሰዳል። መጀመሪያ የሚታሰበው ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው የአፍንጫ መሀል ግድግዳ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ እዚያው ስለሆነም ሌላ ቦታ መቅደድ አያስፈልግም። እሱ ካልበቃ ከጆሮ ይወሰዳል። የጆሮው ግን ቆልመም፣ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለምሰሶነት ብዙም አይመችም። ብዙ ካስፈለገ ወደ ጎድን ይኬዳል። የጎድኑ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ደረት ላይ ሌላ ጠባሳና ሌላ ሕመም አለው፣ ሲቆይም ሊጣመም ይችላል። እና “ካርቲሌጅ እንጨምርልሻለን” የሚልሽን ሰው “ከየት?” በይው። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ገንዘብሽን አትልኪ።

ጆሮሽን የተበሳሽ ጊዜ ደግሞ እንዴት ነበር? ደህና ዳነ ወይስ ቦታው አብጦ፣ ጠጥሮ ቀረ? ኬሎይድ የሚሉት የሚያብጥ ጠባሳ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፤ ጆሮና ደረት ደግሞ የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። አንቺ ወይም እናትሽ እንዲያ ያለ ነገር ካለባችሁ ሐኪሙ እስኪጠይቅሽ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ጥር እንመለስ።

ቀዶ ጥገናው ብዙውን ጊዜ በሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚሠራው። በሁለቱ ቀዳዳዎች መሀል ያለችው ቆዳ ላይ ትንሽ ይቀድዱና የጫፉን ቆዳ ወደ ላይ ገልጠው ይሠራሉ። ሲያልቅ ለአንድ ሳምንት ገደማ አፍንጫሽ ላይ መደገፊያ ይለጠፋል። “አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል” የሚባለው እዚህ ጋ እውነት ነው። በተለይ የላይኛው አጥንት አብሮ ከተነካ የዓይን ሥር ይጠቁራል፣ ያብጣል። ጫፉ ብቻ ከሆነ ይቀላል። ጥቁረቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል፤ ብዙ ሰውም ያኔ ሥራ ይገባል። “በሁለት ሳምንት ያልቃል” ሲሉ የምትሰሚው ይህን ነው።

ጫፉ ግን እንዲህ አይቸኩልም። ከአፍንጫ ሁሉ እብጠት መጨረሻ የሚለቀው እሱን ነው። ዓመት ይፈጃል። ወፍራም ቆዳ ላይ ዓመት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጭራሽ ከድሮው ሊሰፋ ይችላል። አስቢው እንግዲህ። ፎቶ አንሺው “ፈገግ በይ ሙሽራ” ሲልሽ የዛሬውን የሚያስመኝ አፍንጫ ይዘሽ። ያ ፎቶ ደግሞ ሳሎን ላይ ሊሰቀል ነው።

ጓደኛዬ በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ደወለችልኝ። “አሳማ መሰልኩ” አለችኝ። ሄጄ አየኋት። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ድድር ብሎ ነበር። እንቅልፍ አጥታ በስልኳ ባትሪ መስታወት ፊት ትቆማለች። ጠዋት ያብጣል፣ ወደ ማታ ይጎድላል፣ ጨው የበዛበት ነገር ከበላች ይብሳል። አፍንጫዋን በየቀኑ እንደ ዋጋ ዝርዝር ታነበው ነበር። ስምንተኛው ወር ላይ ነው “እ፣ አሁን የኔ ሆነ” ያለችው። ዛሬ ደስተኛ ናት፣ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ግን በሁለተኛው ወር ላይ ቬሎ ልበሺ ብትባል ከቤት የምትወጣ አልነበረችም።

ሌላም አለ። ከተሠሩ በኋላ ለስድስት ሳምንት ገደማ አፍንጫ እንዳይመታ ይጠነቀቃሉ። መነጽር እንኳ ላዩ ላይ አያሳርፉም። ስድስት ሳምንቱ ቢያልፍም ጫፉ ገና የደነዘዘና ሲነኩት የሚያም ነው። የኛን ሠርግ ታውቂዋለሽ። ስንት መቶ ሰው ነው ጉንጭሽን እያገላበጠ የሚስምሽ? መቼም ስትስም በግንባሯ ጭምር የምትገጭ አንዲት አክስት አታጪም።

ስለዚህ ምርጫሽ “ላድርግ ወይስ አላድርግ” ሳይሆን “በዚህ አፍንጫ ልዳር ወይስ ሠርጉን ላራዝም” ነው። ለአፍንጫ ብሎ ሠርግ ማራዘም ደግሞ ላንቺም የሚዋጥልሽ አይመስለኝም።

እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሪ። ለክሊኒኩ የላክሽው ፎቶ ሰልፊ ነበር? መሰለኝ። እንደ ፈረንጆቹ በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ነበር። ካሜራ ከፊት 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲያነሳ፣ ከ1.5 ሜትር ከሚያነሳው ይልቅ የአፍንጫ ግርጌ 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል፤ ጫፉም 7 በመቶ ገደማ። ክንድሽን ዘርግተሽ የምታነሺው ፎቶ እንግዲህ አፍንጫሽን ሳይሆን የስልክሽን ቅርበት ነው የሚያሳይሽ። ሱቅ ውስጥ አንዷን ደንበኛ ስልኩን ስጫትና ሁለት ሜትር ያህል ርቃ፣ ዙም አድርጋ፣ በቀን ብርሃን በር ላይ ታንሳሽ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ስትስቂ። ያለ ሜካፕ። ከሰልፊው ጋር ጎን ለጎን አድርጊያቸው። ምናልባት ልዩነቱ ይገርምሽ ይሆናል። ምናልባትም “አይ፣ ያው ነው፣ አሁንም አልወደውም” ትያለሽ። ይህም መልስ ነው፤ ቢያንስ የጠላሽው የራስሽን አፍንጫ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ስትስቂ የተነሳሽውን ደግሞ ደህና አድርገሽ እዪው። ሰፋ የሚለው የመሀሉ ጫፍ ነው ወይስ የቀዳዳዎቹ ክንፎች? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ክንፎቹን ማጥበብ ግርጌያቸው ላይ ትንሽ ቆዳ ቆርጦ የሚሠራ ሌላ ቀዶ ጥገና ነው። ብዙ ሰው አንዱን ፈልጎ ሌላውን ይጠይቃል።

ከኢስታንቡል የመጣልሽን ምስል በተመለከተ፣ ማልቀስሽ ገብቶኛል። የተመኘሽውን ነገር በራስሽ ፊት ላይ ማየት ቀላል አይደለም። ግን ያን ምስል የሠራው ሰው ቆዳሽን በጣቱ አልነካውም። ወፍራም ይሁን ስስ፣ የመሀሉ ግድግዳ ቀጥ ያለ ይሁን የተጣመመ፣ ምን ያህል ካርቲሌጅ እንዳለሽ አያውቅም። እነዚህን ሳያውቅ የሣለልሽ ምስል ነው። ኢስታንቡል ጎበዝ ሐኪም የለም እያልኩ አይደለም፤ ከየአገሩ ለአፍንጫ ሰው የሚጎርፍባት ከተማ ናት። የኔ ጥያቄ በሦስተኛው ወር አንዱ ጎን አብጦ ቢቀርብሽ ማን ያይሻል የሚል ነው። ደላላው? እሱ እኮ ያኔ ቴሌግራሙን ቀይሯል።

ጥናቶች እንደሚሉት ከ100 ሰው ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ተመልሰው ማስተካከያ ይሠራሉ። ማስተካከያው ደግሞ ቢያንስ ዓመት ከተጠበቀ በኋላ ነው። ሊያመረቅዝ ይችላል፣ ሊጣመም ይችላል፣ መተንፈስ ሊከብድ ይችላል። ደህና ቢወጣም ምሰሶ የገባበት ጫፍ ጠንካራ ነው፤ እንደ ድሮው በጣት ስትጫኚው አይተኛም። ለእነዚህ ሁሉ የሚቀርብሽ ሐኪም አስፈላጊ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን ሂሳቡን ያዢ፣ መደገፊያውና ስፌቱ እስኪነሳ፣ ከዚያም ጥቂት ቀን እስክታገግሚ እዚያው መቆየት አለብሽ። በማግስቱ መኪና ተሳፍሬ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ እመለሳለሁ እንዳትዪ። ጣርማ በር ላይ አፍንጫሽ ቢደማ ማንን ትጠሪያለሽ?

የጓደኛሽን የፊለር ምክር በአጭሩ ልመልሰው። ፊለር ከቆዳ ሥር የሚወጋ መሙያ ነው፤ ይሞላል እንጂ አይቀንስም፤ ሰፊ ጫፍ አያጠብም። አፍንጫ ላይ ሲወጉት ደግሞ ወደ ደም ሥር ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። ያውም በሠለጠነ ሐኪም እጅ እያለ የሚያጋጥም ነገር ነው። በሰው ሳሎን ቤት፣ በወንበር ላይ? አይሆንም። ይህን ብቻ እንደ ታላቅ እህት ቆጣ ብዬ ነው የምነግርሽ።

አሁን ደግሞ “ባይጠቅምም” ብለሽ መጨረሻ ላይ ወደ ጣልሽው ነገር። ለኔ ከደብዳቤው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ቀዳዳ ስትተነፍሺ ኖረሻል! በልጅነት የወደቀ ሰው የአፍንጫው መሀል ግድግዳ ሊጣመም ይችላል። ሲጣመም አንዱን ቀዳዳ ይዘጋል። ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ፓውደርና ሽቶ መሀል ነሽና አለርጂም ይኖርብሽ ይሆናል። አለርጂ ከሆነ በሚረጭ መድኃኒት የሚቀል ነው። ይህን ሐኪም ያያል እንጂ እኔም አንቺም አንገምትም።

እና የመጀመሪያ ጉዞሽ ወደ ኢስታንቡልም ወደ አዲስ አበባም አይሁን። የሐረጎን ዳገት ውጪና ደሴ ላይ የአንገት በላይ ሐኪም ፈልጊ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሱቅሽን ግማሽ ቀን ዘግተሽ ትመለሻለሽ። “በቀኙ አልተነፍስም” በይው። ቀጥለሽም ሳታፍሪ “የአፍንጫዬን ጫፍ ቅርጽም ወደፊት ማስተካከል አስባለሁ” በይው። ይህን መናገርሽ ትልቅ ጥቅም አለው። ግድግዳው ተጣሞ ከሆነና ቀዶ ጥገና ካስፈለገው፣ ሲያቃኑት የሚያነሱት ካርቲሌጅ ቅድም ያልኩሽ ለምሰሶ የሚሆነው ካርቲሌጅ ነው። ዛሬ ተነስቶ ከተጣለ ነገ ጫፉን ልሥራ ስትዪ ወደ ጆሮ ወይም ወደ ጎድን መሄድ ሊመጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። አንዴ ተኝተሽ፣ በአንድ ማደንዘዣ፣ አየሩም ቅርጹም። እኔ ብሆን ከዚህ ሳልጀምር አምስት ሳንቲም አላወጣም።

ሐኪም ጋ ስትደርሺ የምትወስጂውን ሁሉ ንገሪ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም ስለሚያቀጥኑ ቀደም ብለው ያስቆማሉ። እኛ ደግሞ መድኃኒት ነው ብለን የማንቆጥረው ነገር ብዙ ነው፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይቱ፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብሉ። ሲጋራም ሺሻም የደም ሥር ስለሚያጠቡ ቁስል አያድኑም። ጫት ካለም ተናገሪ፤ ልብና የደም ግፊት ላይ ስለሚሠራ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ማወቅ አለበት። “ፎቶ አሳየኝ” ስትዪው ደግሞ የአንድ ወሩን ሳይሆን የዓመቱን ጠይቂ፣ ያውም የኛን የመሰለ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች።

ስለ እናትሽ ትንሽ ፈገግ አሰኝተሽኛል። “የፈጣሪን ሥራ ልታርሚ ነው?” ያለችሽ ሴት እኮ በየቀኑ በቅቤ ስታሽ የከረመችው ሴት ናት። ይህን ግን ለክርክር እንዳታወጪው፤ ታሸንፊያለሽ፣ ኩርፊያውም ይራዘማል። እኔ እንደሚመስለኝ እናትሽን ያስፈራት ማደንዘዣው ነው። ተኝታ ሳትነቃ ብትቀርስ ብላ ነው። የሃይማኖቱ ነገር ላንቺም የሚከብድሽ ከሆነ የምታምኛቸውን አባት ወይም ሼህ ጠይቂ፤ ለመተንፈስ ሲሆንና ለመልክ ብቻ ሲሆን መልሱ ሊለያይ ይችላል። ደሴ ስትሄጂ ደግሞ እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። የዘጋሽን አፍንጫ ሐኪም ሲያየው አጠገብሽ ትቀመጥ። ኩርፊያው ሐረጎን ሳትወርዱ የሚለቅ ይመስለኛል።

ስለ ጥር ግን ያልጨረስነው ነገር አለ። ስለ አፍንጫሽ ብዙ ጽፈሽ ስለ እጮኛሽ አንዲት አጭር ነገር ነው ያልሽው። “እሱም ሳቀ።” እዚያው ነጥብ አድርገሽ አለፍሽው። እኔ ግን እዚያ ጋ ቆምኩ።

ከዚያ ቡና በፊት ቀዶ ጥገና አስበሽ ታውቂ ነበር? ወይስ ቲክቶኩን ማገላበጥ የጀመርሽው ከዚያ ማታ ወዲህ ነው? እህትየዋን ተያት። እንደሷ ያለች በየቤቱ አንድ አትጠፋም። የሱ ሳቅ ግን ምን ዓይነት ነበር? ነገሩን ለማብረድ ከሰው ጋር አብሮ የሳቀ ነው? ወይስ ከልቡ ነው? ምናልባት እሱ ረስቶታል፣ አንቺ ግን ይኸው እቁብሽን ልታወጪበት ነው። ሳይነገረው አያውቅም። አሁን ሠርግ ደርሶ ነገር አልጭርም ትይ ይሆናል። እንደው ዝም ብለሽ አንድ ማታ አብራችሁ ስትሄዱ “ያን ቀን እህትህ ስለ አፍንጫዬ ስትናገር አንተም ሳቅክ፤ አሞኛል” በይው። ይኼው ነው። ስለ ቀዶ ጥገናው በዚያ ቀን አታንሺ። መጀመሪያ ለዚህ የሚሰጥሽን መልስ ስሚ። “ይቅርታ፣ አላሰብኩትም” ካለሽ አንድ ነገር ነው። “አንቺ ደግሞ ቀልድ አታውቂም” ካለሽ ሌላ ነው፤ እሱን ደግሞ አፍንጫ ማሠራት አያስተካክለውም።

የቀዶ ጥገናውን ነገር ስታነሺለት ደግሞ (ማንሳትሽ አይቀርም፣ ባልሽ ሊሆን ነው፤ ሳምንት ሙሉ ፊትሽ ታሽጎ ሾርባ የሚያቀርብልሽ እሱ ነው) ለእህትየዋ አንድ ነገር ንገሩልኝ። አፍንጫ ቢሠሩም ልጅ የሚወለደው በፊተኛው አፍንጫ ነው። ቀዶ ጥገና በዘር አይተላለፍም። እና ሴት ልጅ ብትወልጂ፣ ያንን ድቡልቡል አፍንጫ ይዛ ብትመጣ፣ ምን ብለሽ ትስሚያታለሽ? ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም። መልሱ ቀዶ ጥገናውን አይከለክልሽም፤ ብቻ ለራስሽ ንገሪው።

የጥቅምቱን እቁብ እኔ ብሆን ለታሰበለት ለሱቁ አውለው ነበር። የጥርም ገበያ ደህና ነው፤ ሙሽራ ሁሉ ሜካፕ ይገዛል። እቁብ ደግሞ ይዞራል። ከዓመት በኋላ፣ ያን ጊዜም ከፈለግሽው፣ ሐኪሙም አይቶ “ይሆናል” ካለሽ፣ በሁለተኛው ዙር ትሠሪያለሽ። ያኔ አጠገብሽ የሚቆም ሰው ይኖራል፣ የምትቸኩዪለት ቀን አይኖርም። ለጥር ፎቶ ደግሞ ያንቺን ሙያ ማን ሊያስተምርሽ ነው? ፎቶ አንሺውን ብቻ “ራቅ ብለህ አንሳኝ” በይው።

አብሽሪ የኔ ሸጋ። ደሴ ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ። በነገራችን ላይ፣ ያ ቲክቶክ ላይ የሚሸጡት፣ ማታ ማታ አፍንጫ ላይ የሚቆነጥጡት ፕላስቲክ ሱቅሽ ውስጥ ካለ ከመደርደሪያው አውርጂው። የአዋቂ ካርቲሌጅ ተቆንጥጦ አይቀጥንም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ አንዱን ሳትሞክሪ የቀረሽ አይመስለኝም።